ሦስተኛው ጥሪ በካርቲየ ሰባት ቢስ

እኔ በጂን፣ በዛር፣ በመጋኛ የማምን ሰው አይደለሁም፣ እዚህ ላይ ካልተግባባን ወሬውን ባልጀምረው ይሻላል፣ ምክንያቱም ግማሾቻችሁ ገና ከአሁኑ «ይቺ ደግሞ ጀመራት» እንደምትሉ አውቃለሁ። እናቴ የፈላ ውኃ ደጅ ከመድፋቷ በፊት «በስመ አብ» ብላ የማይታዩትን የምታስጠነቅቅ ሴት ናት፣ «ማን እንዳይቃጠልብሽ ነው?» እያልኩ ከልጅነቴ ጀምሮ የምሟገታት ደግሞ እኔ ነኝ። ሰፈራችን ውስጥ ሰው ሁሉ የሚሸሸው አንድ ወና ቤት ነበር፣ እኔ እዚያ ግቢ ውስጥ ተቀምጬ ነው ለማትሪክ ያጠናሁት፣ እመኑኝ፣ ከቢንቢ በቀር የነካኝ የለም። ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር የሚያጋጥመው በውድቅት ሌሊት፣ ውሻ ሲያላዝን ምናምን ነው አይደል? የእኔ በጠራራ ፀሐይ ነው፣ አርብ ቀን፣ ሰባት ሰዓት ተኩል አካባቢ፣ ሰው ጥላውን ረግጦ በሚቆምበት ሰዓት።

ስሜ ሜሮን ነው። ጅቡቲ የመጣሁት የወደብና የጭነት ሥራ ልማር ነው፣ ሁለተኛ ዓመቴ ነበር፣ ጋቦዴ ውስጥ ከፈትያ ጋር አንድ ክፍል ተከራይተን እንኖራለን። ጋቦዴ ነው የምኖረው ስል የክፍሌ ልጆች «ስንት ዓመት ፈረዱብሽ?» ይሉኛል፣ እስር ቤቱ እዚያ ስለሆነ። ፈትያ የድሬ ልጅ ናት፣ አጎቷ እዚህ የጨርቅ ሱቅ አለው፣ ሶማልኛውም ፈረንሳይኛውም እንደ ውኃ ይወርድላታል፣ እኔ እስካሁን ከባለታክሲ ጋር የምከራከረው በጣቴ ነው። ሦስተኛችን በረከት ነው፣ የሞጆ ልጅ፣ እዚያው ግቢያችን ውስጥ ሰገነት ላይ ያለችውን ክፍል የያዘ፣ ሲስቅ እንኳን ድምፁ የማይወጣ ዝምተኛ ልጅ።

እዚህ የዕረፍት ቀኑ አርብ ነው። በመጣን በሁለተኛው ወር በረከት «ለምን ከተማውን በተራ አናየውም? ካርቲየ አንድ፣ ካርቲየ ሁለት እያልን፣ በየአርቡ አንድ ሰፈር» አለ፣ እኔ ደግሞ እግሬ የማያርፍ፣ ቁጭ በዪ ሲሉኝ የሚያሳክከኝ ሰው ነኝ፣ ዘልዬ ተቀበልኩት። መሃል መሃሉን እየተነጫነጭኩ ሄሮን፣ ባሕሩ ዳር እወስዳቸው ነበር፣ የድሮዎቹ የፈረንሳይ ቤቶች በረንዳ ጥላ ስላለው፣ «ሜሮን ከሄሮን አትጠፋም» እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር። በረከት ግን ባሕሩን አያይም፣ አንዱንም ካርቲየ ወር ሁለት ወር ሳያመላልሰን አይለቅም። እሱ የሚያየው በየካርቲየው በር ላይ የሚቀመጡትን ሽማግሌዎች ነው፣ አንድ በአንድ፣ ፊት ፊታቸውን፣ እኔ «አፍጣጩ» ብዬ ስም አውጥቼለት ነበር፣ አፌን ይቁረጠውና።

ያን ቀን ግንቦት መጨረሻ ነው። ንፋሱ ፀጉር ቤት ካስክ ውስጥ የተቀመጣችሁ እስኪመስላችሁ ነው የሚነፍሰው። ገና ምሳችንን በልተን ሳህኑን ሳናነሳ በረከት መጣና «ዛሬ ሰባት ቢስ እንሂድ፣ አሁኑኑ» አለ። ከካርቲየዎቹ የቀረችን እሷ ብቻ ነበረች።

«አሁን? አብደሃል እንዴ?» አልኩት።

«አቦ በረከት» አለች ፈትያ፣ «በቀትር ሰው አይወጣም። አያቴ ብትሰማ ወላሂ ትገድለኛለች።»

«እኔ በቀትር ነው የምፈልገው» አለ። «ከጁምዓ መልስ ሰው ሁሉ ጫቱን ይዞ ቤቱ ነው። ያለ ሰው ይገኛል።»

«ማን ነው የሚገኘው?» ብዬ ጮህኩበት፣ ደረጃው ላይ ቁጭ አለና ለመጀመሪያ ጊዜ ነገረን።

አባቱ የጅቡቲ መስመር ሹፌር ነበር፣ ባለ ተሳቢ ነው የሚነዳው። በረከት አሥር ዓመቱ ላይ እዚህ ወደብ አካባቢ መኪናውን አቁሞ፣ ቁልፉን ለጓደኛው ሰጥቶ፣ «መጣሁ» ብሎ ወጣ፣ አልተመለሰም። ይኸው አሥራ አንድ ዓመት። አንዱ ባሕር በላው ይላል፣ አንዱ የመን ተሻግሯል ይላል፣ አንዱ እዚሁ ጅቡቲ አግብቶ ወልዷል ይላል። ከሁለት ዓመት በፊት ደግሞ አንድ የሞጆ ሹፌር «ሰባት ቢስ ውስጥ ጺሙን ሂና ተቀብቶ አየሁት፣ ስጠራው ጥሎኝ ገባ» ብሎ ለእናቱ ነገራቸው። ከተማውን በተራ ማየት ያልነው ነገር ሁሉ ይኼ ነበር ለካ። ሰባት ቢስን ለመጨረሻ ያስቀራት ስለፈራት ነው፣ ራሱ ነው ያለው።

«ዘመድ ክረምት ሳይገባ ለቅሶ እንቀመጥ ብሏል» አለን። «እማዬ 'መርዶ ሳልረዳ አላለቅስም' ብላ እስከ ዛሬ ጥቁር አልለበሰችም። አሁን ግን ደከማት። 'አንተ እዚያው ነህ፣ ፈልገውና አርብ ማታ ደውለህ ንገረኝ፣ ጥቁር ልልበስ ወይስ ልቆይ' አለችኝ። ዛሬ አርብ ነው። ምንድን ነው የምላት?»

ነጠላ ጫማዬን አጠለቅኩና ተነሳሁ፣ ፈትያም «ቢስሚላህ» ብላ ሻርፗን ጠመጠመች።

ሰባት ቢስን የማታውቁ እንደሆነ፣ ቤቱ ሳንቃና ቆርቆሮ ነው፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ዝገት፣ በአዘቦት ቀን ሻጩና ገዢው መተላለፊያ አያስገኝም። ያን ሰዓት ግን የጫት ሻጮቹ ጠረጴዛ ላይ እርጥብ ጆንያ ብቻ ቀርቷል፣ ፍየሎቹ እንኳን ካርቶን ማኘኩን ትተው ግድግዳ ተጠግተዋል። መጀመሪያ የቬንትሌተር ድምፅ ከየቤቱ ይሰማ ነበር፣ የሆነ ቦታ ሬዲዮ ነበር፣ አንድ ሕፃን ነበር የሚያለቅስ፣ እየገባን ስንሄድ እነዚህ አንድ በአንድ ቀሩ። መቼ እንደቀሩ ልነግራችሁ አልችልም፣ ብቻ የራሴ ነጠላ ጫማ ሲንጣጣ እየሰማሁ እንደሆነ ድንገት አስተዋልኩ።

ገባ ያለች ጠባብ መተላለፊያ አለች፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ከሄደ ሦስተኛው ከኋላ መከተል አለበት፣ እዚያ ስንታጠፍ ናፍጣ ሸተተኝ። ወፍራም የናፍጣ ሽታ፣ እንደ ተሳቢ ማቆሚያ። «ጄኔሬተር ይሆናል» አልኩ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ። ከፊታችን ገመድ ላይ አንድ ሰማያዊ ቱታ ተሰጥቷል፣ ጉልበቱ ላይ በጥቁር ጨርቅ የተጣፈ፣ ውኃው ጠብ ጠብ እያለ አሸዋው ላይ ይወርዳል። እስቲ አስቡት፣ በዚያ ንፋስ ልብስ ከባልዲ ገመድ እስኪደርስ ነው የሚደርቀው፣ ይኼ አሁን የታጠበ ነው፣ ያጠበው ሰው ግን የለም፣ ባልዲም የለም። በረከት ቱታው ሥር ቆሞ ጉልበቱ ላይ ያለችውን ጥቁር እራፊ አፍጥጦ አያት።

ያኔ ነው የተጠራው።

«ሻምበል!»

የወንድ ድምፅ ነው፣ ጎርነን ያለ፣ ቁጣ የለበትም፣ ሰው ቤቱ ደርሶ በር ክፈቱልኝ ሲል እንደሚያወጣው ያለ ነው። በአማርኛ፣ ጥርት ያለ። ሻምበል የሚባል ሰው ሞልቷል፣ ሐበሻ ሹፌርም ሰባት ቢስ ውስጥ አይጠፋም፣ እኔም «አንዱ አንዱን ጠራው» ብዬ ልቀጥል ነበር፣ በረከትን ሳየው ግን፣ ለካ አባቱ በልጅነቱ ሻምበል እያለ ነበር የሚጠራው፣ ከንፈሩ ነጥቷል፣ አፉን ከፍቷል፣ «አቤ…» ብሎ ሳይጨርሰው ፈትያ መዳፏን አፉ ላይ ለጠፈችበት።

«እስከ ሦስት!» አለችው በሹክሹክታ። «በቀትር ለተጠራ ስም እስከ ሦስት አቤት አይባልም። ሰው ከሆነ ሦስቴ ይጠራል። ሁለቴ ጠርቶ የሚተው ሰው አይደለም።»

ይኼን እናቴም ትለኝ ነበር፣ ቃል በቃል፣ እኔም እስቅባት ነበር። እና ምን ባደርግ ጥሩ ነው? የማላምነዋ፣ ተሟጋቿ እኔ፣ የበረከትን ክንድ በሁለት እጄ ጨምድጄ ያዝኩት፣ እንዳያመልጠኝ። ያሳፍረኛል እንጂ እውነቱ ይኼ ነው።

«ሻምበል!»

ሁለተኛው። የመጀመሪያው ከፊት የመጣ ነበር የመሰለኝ፣ ይኼኛው ከኋላ ነው፣ ፈትያ በኋላ ስትነግረኝ ሁለቱም ከበስተቀኝ ነው አለች፣ በረከት ከላይ ነው አለ፣ ከላይ ደግሞ ሰማይ እንጂ ምን አለ? ጠበቅን። ከቱታው ውኃው ይንጠባጠባል። የበረከት እንባ በፈትያ ጣቶች መሃል ሲወርድ አየሁ። አንድ ደቂቃ ይሁን አምስት አላውቅም፣ ብቻ ሦስተኛው አልመጣም።

በረከት ገፍትሮን አመለጠ። በመተላለፊያው ያለውን በር ሁሉ በሁለት እጁ ደበደበ፣ «አባዬ! አባዬ!» እያለ፣ ያ ድምፅ የሌለው ልጅ። አንዲት ወፈር ያለች ሴትዮ ሽቲ ቀሚሷን እየጎተተች በእንቅልፍ ዓይኗ ወጣችና «ዋርያ!» ብላ ጮኸችበት። ፈትያ በሶማልኛ ለመነቻት፣ አቀፈቻት፣ ጠየቀቻት። ሴትዮዋ እዚህ ሐበሻ የለም አለች፣ ወንድ የሚባል ሁሉ መርፈሻ፣ ጫት መቃሚያው ቤት ነው አለች፣ እኔ በሩ ሥር ነው የተኛሁት፣ ማንም ሲጣራ አልሰማሁም አለች።

«ቱታው የማን ነው በያት!» አለ በረከት።

ሦስታችንም ዞርን። ገመዱ ባዶ ነው። አሸዋው ግን ርሶ ነበር፣ በእግሬ ነክቼዋለሁ። ሰው አንስቶት ነው ብትሉኝ እስማማለሁ፣ እኔም ለራሴ ያልኩት ይኼንኑ ነው፣ ግን ያነሳው ሰው እጅ ካለው፣ አፍም አለው ማለት ነው፣ ታዲያ በረከት «አባዬ!» ሲል ለምን አልመለሰም?

በረከትን ይዘነው ወጣን። እነሱ እየተጨቃጨቁ ከፊት ታጠፉ፣ «ለምን ያዝሽኝ?» ይላታል፣ «አቦ ላንተ ብዬ ነው» ትለዋለች እያለቀሰች፣ እኔ የነጠላ ጫማዬ ማሰሪያ ተበጥሶ መተላለፊያዋ አፍ ላይ ጎንበስ ብዬ ቀረሁ። አንድ ረዥም ክላክስ ከኋላዬ ተነፋ። «ኤጭ፣ እናንተ ደግሞ!» ብዬ አንድ እግሬን በባዶ እየጎተትኩ ሮጥኩ፣ አሸዋው እንደ ረመጥ ነበር። ጅቡቲ ውስጥ ክላክስ ምን ይገርማል?

አመሻሹ ላይ በረከት ክፍል፣ ሰገነቱ ላይ፣ ሦስታችን ስልኳን ከበን ተቀመጥን። ድምፁን ከፍቶት ነበር፣ እኛ ነን ክፈተው ያልነው፣ ብቻውን እንዳይሆን። እናቱ እማማ የሺ ይባላሉ። ሁሉንም ነገራቸው፣ ቱታውን፣ ጥሪውን፣ የፈትያን እጅ ግን «ፈርቼ ዝም አልኩ» ብሎ በራሱ ላይ ወሰደው፣ እንዲህ ያለ ልጅ ነው።

እማማ የሺ አላለቀሱም።

«ስንቴ ጠራህ?»

«ሁለቴ፣ እማዬ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ዝም።»

«ክላክሱስ?»

በረከት እኛን አየን። «የምን ክላክስ?»

«ረሳኸው?» አሉ፣ ድምፃቸው ሳቅ የመጣበት ይመስል ነበር። «አባትህ መቼ ሦስቴ ጠርቶ ያውቃል? በር ላይ ሲደርስ ከመኪናው ሳይወርድ 'የሺ! የሺ!' ነው፣ ሦስተኛውን በአፉ አይጨርሰውም፣ ክላክሱን ይለቀዋል፣ ጎረቤት ሁሉ ነበር የሚሰድበው። እኔም ሆነ ብዬ ክላክሱ እስኪመጣ አቤት አልልም ነበር፣ ላናድደው። ክላክስ ከሌለ እሱ አይደለም። ሌላ ነገር ነው የጠራህ፣ እንኳን ማርያም አተረፈችህ።»

የበረከት ፊት ተለዋወጠ፣ አሁን ነው የታወሰው። «ክላክስ ሰማችሁ?» አለን።

«ወላሂ እኔ አልሰማሁም» አለች ፈትያ።

ከዚያ ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። እማማ የሺም ሞጆ ላይ ጆሯቸውን ስልኩ ላይ ለጥፈው እንደሚጠብቁ ትንፋሻቸው ይሰማል።

እግሬ ላይ ያቃጠለኝ ቦታ ገና ይጠዘጥዘኝ ነበር። ያቺ መተላለፊያ ትዝ አለችኝ፣ ሦስት ሰው የማታስኬደው መተላለፊያ፣ እና ያ የከባድ መኪና ክላክስ ከዚያው ከውስጧ እንደመጣ ያኔ ገባኝ። ሰማሁ ብል፣ ይቺ ሴት ሌላ አሥራ አንድ ዓመት በር በር እያየች ልትቀመጥ ነው። ሰማሁ ብል፣ ልጁ ነገ ሰባት ቢስ ነው፣ ከነገ ወዲያም። ደግሞ ሰማሁ ብል፣ እኔ ምን ሆንኩ? ለእነሱ አዝኜ ይሁን ለራሴ ፈርቼ፣ እስከ ዛሬ ለይቼ አላውቀውም።

«አልሰማሁም» አልኩ።

«እንግዲያው ነጠላዬን ጥቁር አስነክራለሁ» አሉ እማማ የሺ፣ እና ያን ጊዜ አለቀሱ።

ለቅሶው ተቀመጠ። በረከት ሞጆ ሄዶ በሳምንቱ ሲመለስ ሰውነቱ የቀለለው ይመስል ነበር፣ ድምፅ አውጥቶ መሳቅ ጀመረ፣ የእኛም የአርብ ዙረት ቀረ። ለእሱ ደስ ብሎኛል፣ ከልቤ ነው። እኔ ግን ማረፍ አቃተኝ። ብቻዬን ወደዚያች መተላለፊያ ሄጄ በቀትር እጆቼን ዘርግቼ ለካኋት፣ ሁለቱንም ግድግዳ ነካሁ። ክላክሱ ከዋናው መንገድ ነው፣ ሙቀት ድምፅን ያንከራትታል፣ ፊዚክስ ተምሬያለሁ፣ ይኼን ለራሴ በቀን አሥር ጊዜ እነግረዋለሁ።

አሁን ልብ ብላችሁ ስሙኝ። ከለቅሶው በኋላ በአንድ ወሩ ገደማ፣ አርብ ቀን፣ እንደዚያው ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ፈትያ አጎቷ ሱቅ፣ በረከት ቤተ መጻሕፍት፣ እኔ ጋቦዴ ክፍላችን ውስጥ ብቻዬን ሆኜ ስልኬ ጠራ። እማማ የሺ ናቸው። በረከት ስልኩን ዘግቶ ነው፣ ለክፉ ጊዜ ብሎ የእኔን ሰጥቷቸው ነበር።

«ልጄ ሜሮን» አሉኝ፣ «ልመርቅሽ ብዬ ነው። እናንተ ቁርጡን ባትነግሩኝ እንደተንጠለጠልኩ እሞት ነበር። አሁን እንቅልፍ ይወስደኛል። የእናት ምርቃት ይድረስሽ።»

ልነግራቸው ነበር፣ እመኑኝ፣ አፌን ከፍቼ «እማማ፣ እኔ ያን ዕለት…» ብያለሁ።

«ቆዪማ» አሉኝ። «መንገድ ላይ ነሽ እንዴ?»

«ኧረ ቤት ነኝ፣ እማማ።»

«ታዲያ ይኼ ክላክስ ምንድን ነው?»

መስኮቱ ዝግ ነው፣ ግቢው ተኝቷል፣ ቬንትሌተሩ እንኳን መብራት ስለጠፋ ቆሟል። ጆሮዬን ጣልኩ። ምንም።

«እኔ አልሰማሁም» አልኳቸው፣ በዚህኛው ጊዜ እውነቴን ነበር።

እማማ የሺ ግን፣ ለእኔ ባልሆነ ድምፅ፣ እንደ አዲስ ሙሽራ ቀልጠፍ ብለው «አቤት!» አሉ። ስልኩ ተዘጋ።

ስደውል ስደውል አላነሱም። በአራተኛው ቀን በረከት ክፍላችን በር ላይ ቆሞ «እማዬ ጥቁሯን አወለቀች» አለኝ፣ «ዓመት ሳይሞላው፣ ዘመድ ሁሉ ተቆጥቷል። ደህና ናት፣ ትስቃለች እንኳን፣ ቀትር ቀትር ላይ በሩን ከፍታ ትቀመጣለች፣ ለምን ስትባል አትናገርም። አርብ ዕለት መጨረሻ ያወራችው ካንቺ ጋር ነው አሉ። ምን ብለሻት ነው?»

«ምንም» አልኩት።

ደረጃውን ይዞ ወደ ሰገነቱ ወጣ። እኔም ይኸው እስካሁን «ምንም» እንዳልኩት አለሁ፣ የሰማሁትን ክላክስ ለማንም ሳልነግር፣ ሰባት ሰዓት ተኩል ሲሆን ግን እማማ የሺ ክላክሱን የሰሙበት ክፍል ውስጥ መቀመጥ አልችልም፣ ነጠላ ጫማዬን አጠልቄ በዚያ ፀሐይ እወጣለሁ፣ የትም ልድረስ የትም።